በሞተርሽ ላይ ከኋላሽ የተቀመጠው ሰው

ውድ ባለቤቴ ዘይነባ፣

የአላህ ሰላምና እዝነት በአንቺ ላይ ይሁን። ከተለየሽን ወዲህ ሁለተኛው የቡና ለቀማ ሊጠናቀቅ ነው። አንቺ የሌለሽበትን ጊዜ የምለካው ከአጋሮ በኩል እሸት ቡና ጭነው በሚመጡት መኪኖች ነው። እነሱ ሲመጡ አንቺ ሞተርሽን ወደ መንገዱ ዳር ታስጠጊ ነበር፤ እኔ ደግሞ ከኋላሽ ሆኜ ዓይኔን እጨፍን ነበር። ይህን እስከ ዛሬ አልነገርኩሽም።

ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ያለው ቤታችን ደህና ነው። የተከልሽው አቮካዶ ዘንድሮ አፍርቶ ጎረቤቱ ሁሉ ቀምሶለታል። የጓሮውን ክፍል ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ ለሚማሩ የዩኒቨርሲቲ ልጆች አከራይቼዋለሁ፤ ጠዋት ሲወጡ ደህና ማደሬን ስለሚጠይቁኝ ቤቱ ጨርሶ ዝም አላለም። እኔ ከዳኝነቱ በጡረታ ብገለልም የከተማው ሰው የሽምግልናውን ሰብሳቢነት አሸክሞኛል። ከሁሉም የሚበልጠው ግን የልጃችን ዜና ነው። ፎዚያ እንደ አንቺ ነርስ ሆና ከአጋሮ ወዲያ፣ ቡናው ውስጥ ባለች አንዲት ጤና ኬላ ተመድባለች። ከቤት ይዤ ልሂድ ብላ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሞተርሽን።

ሞተርሽ አንቺ ካቆምሽባት ቦታ፣ ከአቮካዶው ሥር፣ ሸራ ለብሳ ቆይታለች። ባትሪዋ ሞቶ ስለነበር አዲስ ገዛሁ። ፎዚያ መካኒክ እንጥራ ብትለኝም እምቢ አልኩ። የእናቷን ሞተር በገዛ እጄ አሰናድቼ ላስረክባት ፈለግሁ። መንዳት አልለመድኩም እንጂ ስትጠግኚ ስንት ጊዜ ካቻቪቴ አቀብዬሻለሁ! ወንበሩን አነሳሁ፣ ባትሪውን ከቦታው አስቀመጥኩ። ከሁለቱ ገመዶች አንዷ ደማቅ ቀይ ናት፤ ሌላዋ ጥቁር። ቀዩን ከፕላስ፣ ጥቁሩን ከማይነስ አሰርኩ። የመጨረሻውን ሳስነካ አንዲት ብልጭታ ታየች፤ ከዚያ በኋላ ጸጥ አለ። ቁልፉን ባዞር መብራት የለም፣ ክላክሱ አይጮህም። ፎዚያ በእግሯ ደጋግማ ብትመታትም አልተነሳችም።

እዚህ በከተማችን መርካቶ ይሠራ የነበረው ያሲን፣ የሞተርሽ መካኒክ፣ አሁን ሥራው አጋሮ ነው። ደወልኩለት። ብልጭታውን ስነግረው፣ «ጋሼ፣ ገልብጠው አስረውታል። ፊውዙ ቀድሞ ከተቃጠለ ተርፋለች። ካልቀደመ ግን ውስጧ አልቋል፤ የእሷ ዕቃ ደግሞ አሁን አይገኝም፤ ለመለዋወጫ ነው የምትሸጠው» አለኝ። ቀዩን ከፕላስ ማሰሬን በልበ ሙሉነት ነገርኩት። «ታዲያ ብልጭታው ከየት መጣ?» አለኝ።

ዘይኔ፣ ያን ጊዜ የተሰማኝን አልሸሽግሽም። ቀብርሽ ላይ ጸንቼ የቆምኩ ሰው አቮካዶው ሥር መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ድምፅሽን ከሰማሁ ቆይቻለሁ፤ የሞተርሽን ድምፅ ግን ገና እሰማለሁ ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። እሱንም በእጄ ያጠፋሁት መሰለኝ። ፎዚያ ውኃ አምጥታልኝ አጠገቤ ተቀመጠች።

ከዚያ ቀይዋን ሽቦ በጣቴ ተከተልኳት። ወደ ሞተሯ ውስጥ ትገባለች ብዬ ስጠብቅ ሄዳ በአካሏ ብረት ላይ በብሎን ታስራለች። ያን ጊዜ በአጋሮ መንገድ፣ ከይቡ ከተማ ወዲያ የገጠመን ነገር ትዝ አለኝ።

እኔ አጋሮ እየተመላለስኩ በዳኝነት ባገለገልኩበት ዘመን ሰኞ ሰኞ አንቺ ታደርሺኝ ነበር፤ እኔን ፍርድ ቤት አውርደሽ አንቺ ወደ ቀበሌዎቹ ለክትባት ታልፊያለሽ። የክትባቱን ሣጥን ታቅፌ ከኋላሽ የምቀመጠው እኔ ነበርኩ። በአንዱ ሰኞ ሞተሯ ድንጋይ ላይ ነጥራ ቀጥ አለች፤ ከብረቱ ጋር የሚያያዘው የማይነሱ ገመድ ተበጥሶ ኖሯል። መንገድ ዳር ቡና ለፀሐይ ከሚያሰጡ ሰዎች ግቢ መብራት ይዘረጋ የነበረ ሠራተኛ ከያዘው ሽቦ ቆርጦ ሰጠን። ያለው ቀይ ብቻ ነበር። እኔ ሥርዓት ይከበር ባይ ነኝና ቀይ ለፕላስ አይደለም ወይ ብዬ ተቃወምኩ። አንቺ እጅሽ ቅባት በቅባት ሆኖ ሳቅሽብኝ። «የፎዚያ አባት፣ ቀለሟን ተዋትና የምትሄድበትን እይ! ሕፃናቱ እየጠበቁኝ ነው» አልሽ። የክትባቱ ሣጥን በረዶ ሳይቀልጥ ደረስሽ። ሽቦዋም ሞተሯ ላይ እንደታሰረች ቀረች። ቀይ የነበረው የፕላሱ ገመድ ደግሞ በዓመታት ቅባትና አቧራ ጠቁሮ ኖሮ እኔን አሳሳተኝ።

ገመዶቹን አቀያይሬ አሰርኩ። አሁንም አልነሳ አለች። ከባትሪው አጠገብ ያለችውን ትንሽ ሣጥን ስከፍት የፊውዙ ክር ተበጥሶ መስታወቱ ጠቁሯል። በተቃጠለ ነገር እንዲህ የተደሰትኩበት ቀን የለም። ቀድሞ ተቃጥሎላታል! ምትኩን ፍለጋ የመፍቻ ቦርሳሽን ስበረብር እጄ ከአንዲት የክኒን ከረጢት ላይ አረፈ። አንድ ፊውዝ አለባት። ስታስቀምጫት አጠገብሽ ነበርኩ፤ ለሕመምተኛ በምትናገሪበት ድምፅ፣ «ይቺ የሞተሯ ክኒን ናት፤ አንድ ፍሬ፣ ሲያስፈልጋት ብቻ» ብለሽኝ ስቀን ነበር። እኔ ረስቼው ነበር።

ፊውዙን ከተትኩ። ቁልፉን ሳዞር አረንጓዴዋ መብራት በራች። ፎዚያ በእግሯ መታቻት። ሞተሯ አንዴ አሳላትና ያ የምናውቀው ድምፅ ግቢውን ሞላው። ተከራዮቹ ልጆች ሳይቀሩ ወጥተው አጨበጨቡ። እኔ አቮካዶውን ተደግፌ አልሐምዱሊላህ አልኩ።

ፎዚያ በሄደችበት ቀን እስከ አጋሮ ሸኘኋት። ያሲን በቴስተር ለክቶ ባትሪው በደንብ እየሞላ መሆኑን፣ ሌላ የተጎዳ ነገርም እንደሌለ አረጋገጠልን። ቀይዋን ሽቦ በጥቁር ልቀይራት ሲል ፎዚያ አይሆንም አለች። እኔም ሁለቱን ወገን ያስማማል ያልኩትን ወሰንኩ። ሽቦዋ ባለችበት ትቆያለች፤ ጫፏ ላይ ግን ጥቁር ፕላስተር ይጠመጠምባታል፤ እንደኔ ያለ ሰው ዳግም እንዳይሳሳት። የሽቦዋን ታሪክ ለልጅሽ እዚያው ቆሜ ነግሬያታለሁ። ከዚያም ስትሄድ የሞተሯ ድምፅ በቡናው ውስጥ እስኪጠፋ ድረስ ቆሜ አዳመጥኩ።

አንድ ነገር ለመጨረሻ አቆይቼልሻለሁ። በዚያን ጠዋት ከቤት ስንወጣ እኔ እንደ ዱሮዬ ከኋላ ነበርኩ፤ በክትባቱ ሣጥን ፈንታ የፎዚያን ሻንጣ ታቅፌ። መርካቶ ስንደርስ ባጃጆቹ መንገድ ዘጉብንና ቆምን። እህል የሚሸጡት እናቶች አባ ሙርቲ እያሉ ይስቁብኝ እንደነበር ታስታውሻለሽ፤ ዳኛ መሆኔን በኦሮምኛ እያነሱ፣ «አባ ሙርቲ! ዛሬ ደግሞ የት ወስዳ ልትሸጥህ ነው?» ይሉኝ ነበር። አንቺም ሳትዞሪ፣ «ገዢ ካገኘሁማ መች እመልሰዋለሁ!» ትያቸው ነበር። ከእነሱ አንዷ አሁንም እዚያው ናት፤ አርጅታለች። አየችንና ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ፣ «አባ ሙርቲ! አሁን ደግሞ ልጅዎ ልትሸጥዎት ነው?» ብላ ጮኸች። ፎዚያ ሳትዞር ምን ብላ እንደመለሰች አንቺ ታውቂዋለሽ።

ችሎት ስገባ ሰው ሁሉ ይነሳልኝ ነበር። እኔ ግን የኖርኩበትን አገር ያየሁት ከትከሻሽ በላይ ነው፤ ያየሁትም ደግ ነበር። ስለዚህ አመሰግንሻለሁ። ፎዚያ ወደ ቤት በመጣች ቁጥር ከኋላዋ እቀመጣለሁ። የጭነት መኪና ሲመጣም፣ ዘይኔ፣ ቃሌ ነው፤ ከእንግዲህ ዓይኔን አልጨፍንም። አንቺ ያየሽውን መንገድ እያየሁ አስታውስሻለሁ።

ያንቺው፣
የፎዚያ አባት