የእማማ ወርቄ ድምፅና የቢኒ ድራይቨር

ሰኞ፣ የካቲት 5

በረሮዋ የወጣችው ከሲዲ ማስገቢያው ነው። እኔ የሳምንቱን የጋዜጣ አምዴን እየጻፍኩ፣ እሷ ተዝናንታ ወጥታ ኪቦርዱ ላይ ወረደች። በነጠላ ጫማ መታኋት። አንዲት ቁልፍም አብራ ተነቀለች።

ባሌ ደረጀ ቀናም አላለ። "ጌም ቤት የኖረ ኮምፒውተር ነው፣ ምን ትጠብቂያለሽ?"

ይህን ጉድ ከሳሪስ አቦ ተሸክሞ ያመጣው እሱ ነው። አቶ ሸምሱ ጌም ቤታቸውን ዘግተው ብርድ ልብስ መሸጥ ሲጀምሩ ገዛው። ጎኑ ላይ ሰማያዊ መብራት ያበራል። ገላን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው ቤታችን ከውጭ ሲታይ ግሮሰሪ ይመስላል። ጎረቤት ምን እንደሚል አውቃለሁ። እኔም ብሆን እል ነበር።

እኔ እጽፍበታለሁ፣ እሱ ኳስ ይጫወትበታል። ሰሞኑን ኳሱ ተንቀራፎበታል። መሥሪያ ቤቱ ያለ አንድ አዋቂ ነኝ ባይ "ጌም ኮምፒውተር ተጨማሪ የዲስክ ድራይቨር ካልተጫነለት ዋጋ የለውም" ብሎታል። ድራይቨር ማለት ኮምፒውተሩ ዲስኩን እንዲያውቀው የሚያደርግ ሶፍትዌር ነው አሉ።

"ታዲያ እስካሁን ሳያውቀው ነው የምጽፍበት?" አልኩት።

ነገ ቢኒ የሚባል ቴክኒሽያን ይመጣል።

ማክሰኞ፣ የካቲት 6

ቢኒ በቀጥታ ከሥጋ ቤት ነው የመጣው። ጣቶቹ በስብ ያብረቀርቃሉ። ሳሙና ባሳየው "ቅበላ አይደል እንዴ እትዬ" ብሎ ሳቀ፣ ሱሪው ላይ ጠረገና ቀጠለ።

ሲፒዩውን ከፈተው። ውስጡ የነበረው፦ እንደ አሮጌ ምንጣፍ የተነጠፈ አቧራ። የሱፍ ቅርፊት። የታኘከ ማስቲካ። የበረሮ እንቁላል፣ በረድፍ በረድፍ። ቢኒ አፉን አስጠግቶ እፍ አለበት። ሁሉም መጋረጃዬ ላይ አረፈ። ምሳዬን አልበላሁም።

"የትኛው ድራይቨር ነው የሚያስፈልገው?" አልኩት።

"ሁሉንም እንጫንለት፣ ለማንኛውም።"

ለማንኛውም። ሐኪም ለማንኛውም ብሎ ፋርማሲውን በሙሉ ቢያውጠኝ ምን እባል ነበር? አንድ ሙሉ ዲቪዲ ጫነበት። ከዚያ አጥፍቶ አበራውና ነጭ ጽሑፍ የሞላበት ሰማያዊ ገጽ ውስጥ ገብቶ "የዲስኩን ሞድ ላስተካክለው" እያለ የሆነ ነገር ቀየረ። ኮምፒውተሩ እንደገና ሲነሳ ጥቁር ሆነ። ዊንዶውስ ያለበት ዲስክ የለም አለ።

ቢኒ ጥቂት ነካካና "ሁለት ዲስክ አለው፣ ሁለቱም ባዶ ናቸው" አለ። "ፎርማት አድርገን አዲስ ዊንዶውስ እንጭናለን።"

"ውስጡ የነበረውስ?"

"እሱማ ይጠፋል። ምን አለበት?"

ምን እንዳለበት ልጻፈው። እማማ ወርቄ አሉበት። አቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ዕድሜያቸውን የፈጁ፣ የየትኛው አለቃ ሚስት ከየትኛው ሹፌር ጋር እንደጠፋች የሚያውቁ ሴት። ኅዳር ላይ ለአምዴ ብዬ አምስት ጊዜ ድምፃቸውን በስልኬ ቀዳሁ። ጥር ላይ አንድ ጎናቸውን መታቸው፣ አንደበታቸውም ተያዘ። ድምፃቸው ያለው እዚህ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። ስልኬ ሞላብኝ ብዬ ከዚያ አጥፍቼዋለሁ። ፍላሼ ላይ ሁለት የህንድ ፊልም አለ።

ራሴን ተጸየፍኩት፣ ከበረሮዋ አብልጬ።

ረቡዕ፣ የካቲት 7

የእማማ ወርቄ ልጅ ሰናይት መጣች። የእናቷን ድምፅ እንድገለብጥላት አዲስ ፍላሽ ገዝታ፣ ከነላስቲኩ።

"መብራት የለም፣ ሰንይ" አልኳት።

ፍሪጁ ከኋላዬ ጉርርር ይላል። ሰማችው። "እሺ እትዬ ጽጌ፣ ሲመጣ" ብላ ፍላሹን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣልኝ ሄደች። ሰው እንዲህ በጨዋነት ሲያፍርልኝ አልወድም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አምዴን በእጅ ጻፍኩ። ስለ ታማኝ ጎረቤት ነው። ቀድጄ ጣልኩት።

ሐሙስ፣ የካቲት 8

ቢኒ የዊንዶውስ ሲዲ ይዞ ተመለሰ። ዛሬ የሸተተው ጥብስ ነው። ደረጀ ለቅዳሜ ጨዋታው ቸኩሏል፤ "ይጫንና እንገላገል" ይላል። ገመዱን ነቀልኩ፣ ሲፒዩውን አቅፌ መኝታ ቤት ገባሁ፣ በሩን ቆለፍኩ። አልጋ ላይ ተቀምጬ ታቀፍኩት። ከነበረሮው።

"እትዬ፣ እኔ እኮ ያለ ፎርማት የዳነ ኮምፒውተር አይቼ አላውቅም" አለ ቢኒ ከበሩ ውጭ።

"አንተ ምን ቸገረህ፣ የነካኸውን ሁሉ ፎርማት እያደረግክ ከየት ታያለህ?"

"ጽጌ፣ ልጅ አትሁኚ" አለ ደረጀ።

ያኔ በበሩ ቀዳዳ ስለ እማማ ወርቄ ነገርኩት። አያውቅም ነበር። ኅዳር ላይ አምስት ጊዜ እሳቸው ጋ ስሄድ ገበያ የምሄድ መስሎት ነበር። ከዚያ ቢኒን ሲሸኘው ሰማሁ፤ ቢኒ ደረጃውን እየወረደ "ድራይቨሩ ግን ያስፈልገዋል" ይላል።

"ለምን አቶ ሸምሱን አንጠይቃቸውም?" አለኝ ደረጀ ስከፍት። በአራት ቀን ውስጥ የተናገረው የመጀመሪያው ቁም ነገር።

ዓርብ፣ የካቲት 9

ሳሪስ አቦ። አቶ ሸምሱ በብርድ ልብስ ተከበው አገኘናቸው። ነገሩን ሁሉ ዘረዘርኩላቸው።

"ፎርማት አደረጋችሁት?"

"አላደረግንም።"

"አልሐምዱሊላህ። ስሚኝ እህቴ። ልጆቹ በየሩብ ሰዓቱ ጌም ይቀያይራሉ። ቶሎ ካልተከፈተላቸው ጎረቤቴ ጋ ይሄዳሉ። ስለዚህ ሁለት ትንንሽ ዲስክ እንደ አንድ አያይዤ ገጠምኩ። የእያንዳንዱ ነገር እኩሌታ እዚህ፣ እኩሌታ እዚያ ነው። ያ ጎረምሳ ሰማያዊው ገጽ ውስጥ ገብቶ ማያያዣውን ዘጋው። ለየብቻ ቢያያቸው ባዶ ይመስሉታል።"

"ድራይቨሩስ ያስፈልገዋል?" አለ ደረጀ፣ አሁንም ተስፋ አልቆረጠም።

"ዊንዶውስ እንደ አዲስ ስትጭን፣ አዎ፣ ያኔ ዲስኩን አያየውም። ተጭኖለት ለሚሠራ ኮምፒውተር ግን ተጨማሪ ምን ያደርግለታል? እኔ ጭኜው ነው የሰጠሁህ።"

"ለምን አልነገሩንም ታዲያ?" አልኳቸው።

"ባልሽ የጠየቀኝ ስለ መብራቱ ቀለም ብቻ ነው።"

ነገ ሱቅ ሲዘጉ ይመጣሉ። ቢኒ በአንዱ ዲስክ ላይ የሆነ ነገር ጽፎበት ከሆነ ግን ቃል አልገባም ብለዋል።

ቅዳሜ፣ የካቲት 10

አቶ ሸምሱ ሲፒዩውን ከፍተው አፍንጫቸውን ያዙ። "ይሄን በረሮ እኔ አላረባሁትም" አሉ። እኔም አይደለሁም። ሁለታችንም ደረጀን አየነው።

ሰማያዊው ገጽ ውስጥ ገቡ፣ ቢኒ የቀየረውን መለሱ። ሁለቱ ዲስኮች አንድ ሆነው ብቅ አሉ። ዊንዶውስ ተነሳ። የእማማ ወርቄን ፋይሎች ፈለግኩ። አምስቱም አሉ። አራቱ ተከፈቱ። አምስተኛው እምቢ አለ። አቶ ሸምሱ ደጋግመው ሞክረው ራሳቸውን ነቀነቁ።

አራቱን ሰናይት የተወችው ፍላሽ ላይ ገለበጥኩ። ከዚያ ሁሉንም ነገር በበረኪና ወለወልኩ፣ እጄን ጭምር።

እሑድ፣ የካቲት 11፣ ቅበላ

ሰናይት ቤት ሄድኩ። መጀመሪያ ስለ መብራቱ መዋሸቴን፣ ቀጥሎ አምስተኛው መጥፋቱን ነገርኳት። "አራት አለ አይደል?" አለችና ወደ ውስጥ አስገባችኝ። እማማ ወርቄ በትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። የሰናይት ባል ጌታቸው ሳህኑን ይዞ አጠገባቸው አለ፣ እያጎረሳቸው። ሰናይት ፍላሹን ቴፑ ላይ ሰካችው።

"ይሄ ነገር እየቀዳ ነው?" አሉ እማማ ወርቄ ከቴፑ ውስጥ፣ በዚያ በሚያቃጥል ድምፃቸው። "ቀድመሽ አትነግሪኝም? በይ ስለ ሰናይት ባል ያልኩሽን አጥፊው። ሰነፍ ነው ያልኩሽን።"

አላጠፋሁትም ነበር። ጭራሽ ረስቼዋለሁ። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ሰናይት ለማጥፋት ብድግ ስትል ጌታቸው እጇን ያዛት።

"ተያቸው" አላት። "ይሳደቡ።"

እማማ ወርቄ ጤነኛ እጃቸውን አንስተው ጉልበቱ ላይ አሳረፉት። እሱም አንገቱን ደፍቶ ቀጣዩን ጉርሻ ጠቀለለላቸው። ቴፑ ውስጥ ገና ስለሱ እያወሩ ነበር።