«ገልብጠሻል» ያለኝ መምህር

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

እንደምን ሰነበትክ? እኛን ከናፍቆትህ ሌላ የሚያመን ነገር የለም።

ያን መምህር አሸነፍኩት! የምዕራቡ ዓለም ሥልጣኔ ታሪክ ትምህርታችን ከጥንት ግሪኮች ተነሥቶ ማተሚያ እስከ ተስፋፋበት ዘመን ይዘልቃል። ስለ ጥንት ማተሚያ ቤቶች የጻፍኩትን ጥናት አይቶ «ከሌላ ሰው ገልብጠሻል» ብሎ ውጤቴን ከለከለኝ። ዝም የምል መሰለው? ለትምህርት ክፍሉ አመለከትኩና ሦስት መምህራን ፊት ቀረብን።

«ለኅትመት ፊደል የሚደረድር ፊደል ለቃሚ ጽሑፉን ገልብጦ ነው የሚያነበው ብለሻል። ይኼን ከየት አመጣሽው?» አለኝ ከሳሼ።

«ከቤቴ! አባቴ ሠላሳ ዓመት ማተሚያ ቤት የእርሳስ ፊደል የለቀመ ሰው ነው። መገልበጥ የቤተሰባችን ሙያ ነው» አልኩና ፊቱ የተቀመጠውን የክስ ወረቀት ከጠረጴዛው ማዶ ቆሜ፣ ተገልብጦ እየታየኝ፣ ከነፊደል ግድፈቱ አነበብኩለት። ሦስቱ መምህራን ሳቃቸው አመለጣቸው። ውጤቴ በማግስቱ ተመለሰልኝ፤ ኤ!

ቤት ስገባ አባዬ የውጤቱን ወረቀት ከእጄ ነጥቆ ጮክ ብሎ አነበበልን። ወረቀቱ ላይ ያለው አንድ መስመር ነው፤ እሱ ግን ረጅም ሙገሳ አነበበ። እማዬ «ዘቅዝቀህ እኮ ነው የያዝከው» ስትለው «የሙያ ልማድ ነው!» ብሎ ሳቀ። እኛም ሳቅን። ማተሚያ ቤቱ ዕረፍ ስላለው አሁን በረንዳ ላይ ይውላል። የእግር ኮቴ በሰማ ቁጥር፣ የእኔም ቢሆን፣ «ማነህ? የልጄን ጉድ ሰማህ?» ይላል።

ወንድም ጋሼ፣ ከእንግዲህ ፎቶግራፍ አትላክ። ፈቃድ ጠይቅና ራስህ ና። አባዬ ፊትህን ማየት ይፈልጋል፤ ዘንድሮውኑ።

በደህና ያገናኘን።

ታናሽ እህትህ