በሰንበሌጡ ላይ ያረፈ ጥላ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ነፋሱ ጠዋቱን ሙሉ ሲያሾፍብኝ አረፈደ። ሰው ሣር ሲባል ፎቶ እስኪነሣ ቆሞ የሚጠብቅ ነገር ይመስለዋል። አንድ የሰንበሌጥ ዛላ ለአፍታ እንኳ ዝም ብሎ አይቆምም፤ የኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጡ ተማሪዎቼን ነው ያስታወሰኝ።

ቦታው ግን ወደር የለውም። ከሐይቁ በላይ፣ እህቴ አልማዝ ያለችበት መንደር እድር፣ እነሱ ቅሬ የሚሉት፣ ከሐምሌ ጀምሮ ከብት እንዳይደርስበት የከለለው ሣር ነው። በዚህ ወር መጨረሻ ታጭዶ ለየቤቱ ይከፋፈላል። ሌላው ሜዳ ሁሉ ተግጦ አልቋል፤ ፍሬ የያዘ ሣር ያለው እዚያ ብቻ ነው። ጠባቂው ሰይድ በሩ ላይ የተጋደመውን የግራር እሾህ ገፋ አድርጎ አስገባኝ። «ይግቡ መምህር። እኔ ቀብር አለብኝ፤ ሲወጡ ብቻ እሾሁን ይመልሱልኝ» አለ። እኔን እንደ ልጅ ማሳሰቡ ትንሽ ከንክኖኛል።

ዛሬ ፎቶ የተነሡ፦ ስንደዶ፣ ደህና። አክርማ፣ ደብዛዛ፤ ይደገማል። ሙጃ፣ ፍሬው ረግፏል፤ ዘግይቻለሁ። ሰንበሌጥ፣ እጅግ ጥሩ!

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ጋብ አለ። በሩ አጠገብ ያለው ሰንበሌጥ ላይ ብርሃኑ ከኋላ ገባበት። ጥላ ትንሽ አስቸግሮኝ ነበር፤ አስተካከልኩት። የፍሬው ፀጉር አንድ በአንድ ይታያል። ከዚያ ፀሐዩን እየተከተልኩ ቁልቁል ወረድኩና በሐይቁ በኩል ካቡን ተንጠላጥዬ ወጣሁ። በዚህ ዕድሜዬ! አውራ ጣቴንም የሆነ ነገር ወግቶኛል።

የሣር ፎቶ መጽሐፌ የዚህን ዓመት ሣር ካላገኘ አንድ ዓመት ይቆማል፤ ከትምህርት ቤት የወር ፈቃድ የወሰድኩትም ለዚህ ነው። የዛሬው ሰንበሌጥ ግን ለሽፋኑ ይሆናል።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

አልማዝ በጠዋት ደወለች። «ሣርህን ና እየው፤ አለቀልህ።»

በባጃጅ ሄድኩ። ትናንት ማታ ከብቱ ሐይቅ ወርዶ ውኃ ጠጥቶ ሲመለስ በሩን ክፍት አግኝቶ ገብቷል። ሰይድ ከቀብር ሲደርስ መንጋው መሐል ሜዳ ላይ ነበር፤ ብቻውን እየሮጠ ነው ያስወጣው። ከበሩ እስከ መካከሉ ያለው ሁሉ ተግጧል፤ ያልተጋጠው ተረግጧል። ለሽፋን ያልኩት ሰንበሌጥ የቆመበት ቦታ ላይ እበት አገኘሁ። አክርማውን ልደግመው ነበር፤ እሱም የለም።

ነደደኝ። መንደርተኛው ቆሞ ያያል፤ እኔ ሰይድ ላይ ጮህኩ። «አንድ እሾህ መጠበቅ አቃተህ? ለመተኛት ነው የጠባቂ ድርሻ የሚሰጥህ?» አልኩት። ሴቶቹ አንገታቸውን ደፉ።

ሲበቃኝ ሰይድ፣ «መምህር፣ ትናንት በየት በኩል ወጡ?» አለኝ።

«በካቡ በኩል ነዋ! እኔን ነው የምትጠይቀኝ?»

«አይ፣ እንዲያው ነው» አለና ሄዶ ከብቱ ሲወጣ የሰበረውን አጥር ይጠጋግን ጀመር።

ቤቴ እስክደርስ ደሜ አልቀዘቀዘም። ያም ሆኖ ልክ ልኩን ነግሬዋለሁ። ሥራን እንደ ሥራ የሚይዝ ሰው ጠፍቷል በዚህ አገር።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

የማክሰኞዎቹን ፎቶዎች በኮምፒውተር ከፍቼ ልመርጥ ተቀመጥኩ።

የመጀመሪያዎቹ ሰንበሌጦች ላይ አንድ ጥቁር ጥላ ተጋድሟል። የተሰነጣጠቀ፣ ጫፍ ጫፉ የሾለ። ከነዚያ ቀጥሎ ያሉት ላይ የለም። ዛላው ያው ነው፤ ብርሃኑ ያው ነው፤ ጥላው ብቻ ጠፍቷል። ፀሐይ በዚያች ቅጽበት አልዞረችም። የዞረው እሾሁ ነው።

የእሾሁ ጥላ ነበር። አስተካከልኩት ብዬ የጻፍኩት እሱን ነው።

አውራ ጣቴን አየሁት። ስባሪው አሁንም ውስጡ አለ። የግራር ነው።

አሁን ሁሉም እየመጣልኝ ነው፤ እሾሁን በግንዱ ይዤ ወዲያ መጎተቴ፣ «ቆይ እመልሰዋለሁ» ማለቴ፣ ከዚያ ብርሃኑ ቁልቁል ሲወርድ እኔም ተከትዬው መውረዴ። በካቡ የወጣሁት ደግሞ ወደ በሩ መመለስ ስለታከተኝ ነው።

እስካሁን የደረደርኳቸው ሰበቦች፦ ከእኔ በኋላ ሌላ ሰው ገብቶ ይሆናል። ብመልሰውም ከብት ይገፋው ነበር። ሰይድ ቀብሩን ትቶ መጠበቅ ነበረበት። ተማሪ በፈተና ላይ እንዲህ ብሎ ቢመልስልኝ ዜሮ እሰጠው ነበር።

ከሰዓት አልማዝ ደወለች። ቅዳሜ አውጫጭ ተጠርቷል። መንደርተኛው አንድም ሳይቀር ተቀምጦ፣ ያየውንና የሰማውን በየተራው ሊናገር ነው። «አንተም በዕለቱ ነበርክና ይምጣ ብለውሃል» አለች። ያጠፋው ካልታወቀ ጥፋቱ የጠባቂው ይሆናል። ሰይድ የዓመቱን ድርሻ ሊያጣ ነው፤ በሬው ደግሞ በጋውን የሚወጣው በዚያ ሣር ነው።

«እሺ» አልኳት። ፎቶዎቹን ዘጋኋቸው፤ አላጠፋኋቸውም። ይህን እንኳ እንደ ጀግንነት መቁጠሬ ያሳፍራል።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

ለሰይድ ለብቻው ልነግረው ሄድኩ። እውነቱን ልጻፍ፤ ለብቻው ያልኩት ነገሩ በሁለታችን መካከል እንዲያልቅ ነው። ስድቡን በአደባባይ፣ ይቅርታውን በጓሮ።

አዲስ እሾህ እየጎተተ አገኘሁት። በዕድሜ ከእኔ ቢበልጥ እንጂ አያንስም፤ ጀርባውን ላብ አርሶታል። አሰላምቶኝ ሥራውን ቀጠለ። አጠገቡ ቆምኩ። ስለ ነፋሱ አወራሁ። ስለ ሐይቁ ውኃ አወራሁ። ከዚያ አፌ ምን አለ?

«ለበሬህ ጭድ ልግዛልህ።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ለምን ብለው?»

«እንዲያው... ረቡዕ ተቆጥቼህ ስለነበር።»

«ጭዱስ ይገኛል መምህር። አላህ አያሳጣም። ግን ተኝቶ ሣር ያስበላ ጠባቂ ከተባልኩ በኋላ፣ በዚህ መንገድ ላይ ሰው እንዴት ሰላም እላለሁ?»

ምን ብዬ እንደመለስኩ አላስታውስም። «በል በርታ» ሳልል አልቀርም። «በርታ!» ከእኔ አፍ።

ቤቴ ወዳለበት ሐይቅ ከተማ በእግሬ ተመለስኩ። ባጃጆች እየቆሙ «ጋሼ ይግቡ» ይሉኛል፤ እጄን አወዛውዛለሁ። ሠላሳ ዓመት ሊሆነው ምንም የማይቀረው አስተማሪነቴ ሁሉ የሰው ስሕተት በቀይ ሲያሰምር የኖረ ነው። የራሴን በእስክሪብቶ እንኳ መንካት ፈራሁ።

ነገ እናገራለሁ። ይህን የጻፍኩት ነገ እንዳላፈገፍግ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ተናገርኩ።

ከሾላው ሥር ተቀምጠናል፤ ወንዱ በአንድ ወገን፣ ሴቱ በአንድ ወገን። የቅሬው ሰብሳቢ ሸህ እንድሪስ ዱዓ አደረጉ፤ ቄሱም በበኩላቸው ጸለዩ። ከዚያ ከዳር ተጀመረ። «አላየሁም።» «አልሰማሁም።» «ከብቴን ማታ ነው የፈለግሁት።» ተራው የአልማዝ ጎረቤት ዘሐራ ላይ ሲደርስ፣

«እኔ ወላሂ ያየሁት መምህሩን ነው» አለች። «በሆዱ ተኝቶ ሣር ሲስም። ታሞ መስሎኝ ውኃ ላመጣለት ነበር።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ቄሱ እንኳ አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ሰይድ ብቻ አልሳቀም። እኔ ተራዬን እየጠበቅሁ መሬት መሬት አያለሁ።

ረጅም መግቢያ አዘጋጅቼ ነበር። ሁሉንም ዘለልኩት።

«እሾሁን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ጥላው ፎቶዬን አበላሸብኝ። ሳልመልሰው ሄድኩ» አልኩ።

«ምኑ ነው ያበላሸብህ?» አሉ ሸህ እንድሪስ።

«ጥላው።»

«የምን ጥላ?»

«የእሾሁ ጥላ።»

ትንሽ አሰቡ። «ለጥላ ብለህ ነው እንግዲህ» አሉ። አልተቆጡም። ምነው በተቆጡ!

ከኋላ አንዱ፣ «ረቡዕ ለት ሲጮህ የነበረው ይኸ አይደለም እንዴ?» አለ። «ራሱ ነው» አለ ሌላው። አልማዝ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

ሰይድ ተነሣ። «አንድ ነገር ልጠይቅ። ረቡዕ ሲጮሁብኝ ያውቁ ነበር?»

«አላውቅም ነበር። ረስቼው ነበር።»

«ትናንት ጭድ ልግዛልህ ሲሉኝስ?»

የምዋሽበት ቦታ አልነበረም። ብፈልግም አልነበረም። «አውቅ ነበር» አልኩ።

ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ተቀመጠ። ከሁሉም ያቺን አልረሳትም።

ፍርዱ እንዲህ ሆነ። የሰይድ ድርሻ አይነካም። ረቡዕ በቆምኩበት ቦታ ቆሜ፣ ረቡዕ በጮህኩበት ድምፅ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ሣሩ እስኪታጨድ ድረስ ደግሞ በሩን የምጠብቀው እኔ ነኝ።

«ካሜራውን ግን ቤቱ ይተው» አለች ዘሐራ። «ኋላ ደግሞ ጥላ አስቸገረኝ ይላል።»

ይህም ጸደቀ።

ሁላችንም ወደ በሩ ሄድን። ቆምኩ። «ሰይድ፣ አጥፊው እኔ ሆኜ ሳለ በሰው ፊት አዋረድኩዎት። ይቅር ይበሉኝ» አልኩ። ድምፄ ከረቡዑ አነሰ። ሸህ እንድሪስ «አልተሰማም» አሉ። ደገምኩት። ሰይድ «ለአላህ ብዬ» አለ፤ እጄን ጨበጠኝ፤ ዐይኔን ግን አላየኝም።

አልማዝ እስከ አስፋልቱ ሸኘችኝ። ስንለያይ፣ «ሐሙስ ስደውልልህ ታውቅ ነበር፣ አይደል?» አለችኝ። አውቅ ነበር አልኳት። «ለኔ እንኳ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» ብላ ተመለሰች።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ሁለተኛ ቀኔ ነው። ትናንት ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱት፣ ዛሬ ወደ ገበያ የሚወርዱት፣ ሁሉም በሩን ሳያዩ አያልፉም። «ሣሩ እንዴት አደረ መምህር?» ይላሉ። ደህና አደረ እላለሁ። ልጃገረዶቹ አለፍ ብለው በሳቅ ይፈነዳሉ። ይሳቁ።

ያለ ካሜራ ስቀመጥ እጄን የማደርግበት ይጠፋኛል። ከብቱ ያልደረሰበት ጥግ ላይ አንድ አክርማ ቆሟል፤ ፍሬው በስሏል፤ ከሰዓት ብርሃኑ ልክ በሚገባበት በኩል ነው። እስኪታጨድ ይረግፋል። የዘንድሮው አክርማ መጽሐፉ ውስጥ አይኖርም ማለት ነው። ገጹን ባዶ ልተወው ወይስ ደብዛዛውን ላስገባ? አላውቅም። የሰንበሌጡንም ፎቶ ለሽፋን አላደርገውም። ጥላ ያለበትን ግን ሳላስገባው አልቀርም። ከሥሩ ምን ብዬ እንደምጽፍ ገና አላሰብኩም።

ሲመሻሽ ከብቱ ከሐይቅ ተመልሶ አለፈ። አንዲት ጊደር አፍንጫዋን ወደ በሩ አስጠጋች፤ በዱላ መለስኳት። ከዚያ እሾሁን ጎትቼ ዘጋሁት፤ በዛፍ ልጥ አሰርኩት፤ ወደ ኋላ ራቅ ብዬ አየሁት፤ ተመልሼ ደግሜ አሰርኩት።

ልሄድ ስል ሰይድ በላይ በኩል መጣ። ሰላም አለኝ። ወደ በሩ ሄዶ እሾሁን በእጁ ይዞ ነቀነቀው። አልተነቃነቀም። በሌላው ጎን ዞሮ እዚያም ነቀነቀው። በሌላ ጊዜ ቢሆን «አታምነኝም እንዴ?» ብዬ እጮህ ነበር።

«ነገ በጊዜ ይምጡ» አለኝ፤ «ከብቱ ማልዶ ነው የሚወርደው።»

«እመጣለሁ» አልኩ።

እሱም እንደገና ጎንበስ ብሎ የልጡን ቋጠሮ ይነካካ ጀመር። እስኪጨርስ ቆሜ ጠበቅሁት።