አንተ የሰጠኸኝ ኪኒን

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፤

እንደምን ሰነበትክ፣ ወንድም ጋሼ? ጤናህስ? ይህን የምጠይቅህ ለወግ አይደለም፤ መልሱን እፈልገዋለሁ። እኛ ቤት ሁሉም ደህና ነው። እኔ ግን ተናድጃለሁ። ብደውልልህ እንደ ልማድህ በቀልድ ስለምታልፈኝ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ያንን ኪኒን ስትሰጠኝ ምን ነበር ያልከኝ? አንድ ደንበኛ ጸጉሩን ተስተካክሎ ሲወጣ ወንበሬ ላይ ረስቶት ሄደ፣ ዋጥ አድርገውና ጎረምሳ ሁን፣ ሐኪም ገመናህን ከማዝረክረክ በቀር ምንም አያደርግልህም አልከኝ። እኔ ጅሉም አመንኩህ! ስምንት ወር ሙሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የተኛ ባል ምን የማያምነው አለ?

እሁድ ጠዋት ልጆቹ አክስታቸው ዘንድ ሲሄዱልኝ አንዱን ዋጥኩ። ጠብ ያለ ነገር የለም። ግማሽ ሰዓት ጠብቄ ሁለተኛውን ደገምኩ። ከዚያማ ምኑን ልንገርህ! ፊቴ እስከ ጆሮዬ በርበሬ መሰለ፣ አፍንጫዬ ተደፈነ፣ ራሴ ለሁለት ሊሰነጠቅ ደረሰ። የተፈለገው ነገር ብቻ ሳይመጣ ቀረ። ሚስቴ ትኩሳት መስሏት እርጥብ ፎጣ ግንባሬ ላይ ስታደርግልኝ ጉንፋን ነው ብዬ ዋሸኋት።

ይባስ ብሎ ከምሠራበት ቀለም ቤት ተደወለ፤ ደንበኛ ቆሟል፣ ቶሎ ናና ክሬም ቀለም ቀላቅል ተባልኩ። ማምለጫ አገኘሁ ብዬ በረርኩ። ወንድም ጋሼ፣ ነጩ ቀለም ሰማያዊ ሆኖ ታየኝ! ሰማያዊውን ላጥፋ ብዬ ቢጫ ጨመርኩበት፣ አሁንም ጨመርኩበት። ሃያ ዓመት በዓይኑ እንጀራ የበላ ሰው አራት ባልዲ ቀለም የጫጩት ላባ አስመስዬ አስረከብኩ። የቀለም ቤቱ ባለቤት ዓይንህን ሸጥከው እንዴ ብሎ በሰው ፊት አዋረደኝ። ቀና ብዬ ልመልስለት ስል አዞረኝና ባልዲዎቹ መሃል ዘጭ አልኩ።

በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሴት ናት፤ ያፈርኩትን እፍረት ተወው። እሷ ግን ምንም አልመሰላትም። ሁለት ደርበህ ስለዋጥክ ነው፣ ሰማያዊው ይጠፋል፣ የነገሩ ሥር ግን ስኳር ሊሆን ስለሚችል ደምህን እንመርምር አለችኝ። ቀጥላ ደረትህን ሲወጋህ ከምላስህ ሥር የምታደርገው የልብ ኪኒን አለህ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የለኝም፣ እሱ ያለው ወንድሜ ነው ስላት ብዕሯን አስቀመጠች። ያ የዋጥከውና የልቡ ኪኒን አንድ ሰው ሰውነት ውስጥ ከተገናኙ የደም ግፊቱ ቁልቁል ይወርዳል፣ ሰውየው እንደቆመ ይወድቃል፣ ላይነሳም ይችላል አለች። ወንድምህ ይህንን ይወስዳል ወይ አለችኝ። ኧረ በጭራሽ፣ ደንበኛ ረስቶት የሄደ ነው ብዬ ማልኩላት።

ቤት ገብቼ እሽጉን አየሁት። አሥር ፍሬ የሚይዝ ነው። ስትሰጠኝ ስድስት ነበር። ቀድሞ የጎደሉት የአራቱ ማደሪያ በጣት ተገፍቶ አልተከፈተም፤ በመቀስ ጫፍ ነው የተሰነጠቀው። ኪኒን እንዲህ የሚከፍት አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው። ማን ዋጣቸው ብዬ ግን አልጠይቅህም።

የተቆጣሁት ስለ ባልዲው እንዳይመስልህ! ለሚስቴ እውነቱን ስነግራት አለቀሰች፤ ሌላ ሴት የያዝክ መስሎኝ ነበር እኮ አለችኝ። አንተስ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? አንድ ጡት የጠባን ሰዎች አንዳችን ባንዳችን ፊት እያፈርን ልንሞት ነው? እንዲህ ያለው ወንድነት በአፍንጫዬ ይውጣ!

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሐኪሟ ጋ ተራ ይዣለሁ። የያዝኩት ለሁለት ሰው ነው። አሻፈረኝ ካልክ ሱቅህ ድረስ መጥቼ፣ ጢሙ አረፋ የተቀባ ደንበኛ ወንበር ላይ ቢኖርም፣ በክንድህ ጎትቼ እወስድሃለሁ።

እስከዚያ ፈጣሪ ደረትህን ይጠብቅልኝ፤ ዕድሜ ይስጥህ፤ ልጆችህን ለመዳር ያብቃህ። ከአንተ ሌላ ታላቅ የለኝም።

የተናደደው ታናሽ ወንድምህ