የእሌኒ ከፈይ

ኅዳር 4 ቀን 1973
ቅጠሎቿን ጠረግሁ። አምስት ናቸው። በእርጥብ ጥጥ፣ ቀስ ብሎ፣ ልጄ እሌኒ እንዳሳየችኝ። መልኳ ጥቁር አረንጓዴ፣ ሲነኳት ከፈይ፣ ደም ሥሯ ነጭ። ስሟ ማሰሮው ላይ በፈረንጅ ፊደል ተጽፏል፣ ማንበብ አልችልም። እኔ ከፈይ እላታለሁ።
ጎረቤቴ የሺመቤት በአጥሩ አየችኝና ጎመን ብትተክይ ወጥ ይወጣው ነበር ብላ ሳቀች። አልከፋኝም። ሌላ ማን ያናግረኛል?

ኅዳር 9
ሐይቁ ዳር ወረድሁ። ውኃ የጠጣ የደንገል ታንኳ ዳር ላይ ይጥሉታል። የበሰበሰውን ደንገል በዘንቢል ሰብስቤ መጣሁ። እሌኒ ከፈይን የምትተክላት በዚያ ነበር፤ ቆራርጣ፣ ከከሰል ጋር ቀላቅላ። አፈር ያፍናታል ትል ነበር። እኔ ደግሞ ቤቱን ረግረግ አደረግሽው እያልሁ እቆጣለሁ።
አሁን ቤቱ ንጹሕ ነው።

ኅዳር 21
እሌኒ ትሠራበት ከነበረው ኮሌጅ ሁለት ሰዎች መጡ። አንዱ መምህር ሸረፈዲን፣ በእፅዋት ቤቱ የእሌኒ አለቃ የነበሩት፤ ለቀብሯም መጥተው ነበር። ሌላው የንብረት ክፍል ሰው፣ መዝገብ ይዟል። ከውጭ አገር ከመጡት እፅዋት አንዷ ጎድላለች፣ ልጅሽ ወስዳት እንደሆነ አለኝ። የመንግሥት ንብረት ነች አለ።
ከፈይ ከመጋረጃው ጀርባ ነበረች...
ልጄን መስከረም ላይ ወባ ወሰደብኝ። አሁን ደግሞ ሌባ ሊያሰኟት?
«እዚህ ቤት እንዲህ ያለ ነገር የለም» አልሁ።
መምህሩ መሬት መሬት አዩ። ከዚያ ሰውየውን እዚያው በስብሳ ሞታለች ብለህ ጻፍ አሉት። ጻፈ። ሄዱ።
ከጎታው ጀርባ፣ ጓዳ አስገባኋት።

ታኅሣሥ 2
የሺመቤት ጎመንሽ የት ገባ አለችኝ። ሞተች አልሁ። ሁለተኛ ውሸት።

ታኅሣሥ 17
ሁለት ቅጠሎቿ ቢጫ ሆኑ። አንዱ ወደቀ። ውኃ አልጎደለባትም... ከሰው ስሸሽጋት ከብርሃንም ሸሸግኋት። ባወጣትስ? ቀበሌ ቢነግሩብኝስ? የእሌኒ ስም በስብሰባ ቢጠራስ?
አላወጣኋትም።

ጥር 6
አንድ ቅጠል ቀራት።
መምህር ሸረፈዲን ብቻቸውን መጡ። በሩ ላይ ቆሜ የለችም ልል ስል ቀደሙኝ።
«እኔ ነኝ ወስደሽ ሞክሪያት ያልኋት። ያን ቀን ባለመዝገቡ ነበረ። ፈራሁ፣ እናቴ።»
እኔም ፈርቻለሁ።
ከመዝገቡ ተሰርዛለች፣ ማንም አይጠይቅዎትም አሉ። የመጡት ለሌላ ነው። ኮሌጅ ያሉት የከፈይ ዘሮች ሥራቸው እየበሰበሰ ሁለት ብቻ ቀርተዋል። እሌኒ በምን እንደተከለቻት ከጸደቀች በኋላ እነግርዎታለሁ ብላቸው ነበር።
ሳትነግራቸው...
ጓዳ ገብቼ አወጣኋት። ማሰሮውን ተቀብለው መስኮቱ ሥር አስቀመጡልኝ፣ ፀሐይ በቀጥታ ከማይመታት ቦታ። ደንገሉን ግን አልነገርኋቸውም። የኔና የእሌኒ አንድ ነገር እሱ ብቻ ቀርቶን። አስቤ መልስ እልክልዎታለሁ አልሁ።

ጥር 8
ሁለት ቀን አሰብሁ። እኔ ነገ ብሞት ማን ያውቀዋል? የልጄ ብልሃት ከኔ ጋር ይቀበር?

ጥር 9
ከቀብሩ ወዲህ ከሐይቁ ዳርና ከቤተ ክርስቲያን ሌላ የትም አልሄድሁም ነበር። ዛሬ አንድ ዘንቢል ደንገል ተሸክሜ ኮሌጅ ሄድሁ። የበሰበሰውን ሥር በቢላ ቆረጥን። ደንገሉን ከከሰል ጋር እንዴት እንደሚቀላቅሉት አሳየኋቸው። መምህሩ ደብተር አውጥተው እያንዳንዱን ጻፉ።

ሚያዝያ 12
የቤቴ ከፈይ ገና በዚያችው አንድ ቅጠሏ ናት። የኮሌጆቹ ግን ሥር ይዘዋል።
ዛሬም ሄጄ ነበር። ተማሪዎቹ ደንገሉን እንደ ጤፍ ከረጢት ሲጠቀጥቁት ያዝኋቸው። አንዷ ማን ናቸው ብላ መምህሩን ጠየቀች፣ በሹክሹክታ።
«የእሌኒ እናት ናቸው።»
ከመስከረም ወዲህ እንዲህ ያለኝ የለም። የሺመቤት እንኳ ሃያ ዓመት የእሌኒ እናት ስትለኝ ኖራ፣ እንዳይከፋኝ ብላ እህቴ ማለት ጀምራለች። ሰው ሁሉ ይጠነቀቅልኛል። ልጅቷ ግን ምን ታውቃለች...
«የእሌኒ እናት፣ እንዲህ ይበቃል?» አለችኝ።
«አይበቃም። ላላ አርጊው» አልኋት። እጇን ይዤ አሳየኋት።
ስመለስ የሺመቤትን በአጥሩ ጠራኋት። እንደ ድሮው ጥሪኝ አልኋት። ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።
«አያምሽም?»
«ያመኛል። ጥሪኝ።»
ጠራችኝ። አቤት አልሁ።