መርፌውን እምቢ ያልኩበት ምክንያት

ጥር 30/2008፣ ሰኞ፣ ማታ 1 ሰዓት፣ ኮምቦልቻ

ከሥራ ገባሁ። እግሬ አብጧል። ዛሬ ሁለት ጥቅል ጨርቅ ብቻ ነው ያየሁት፤ የቀረውን የሥራ ጓደኛዬ ዘይነባ አየችልኝ። ፋብሪካ ውስጥ ሥራችን ያው ነው፤ ከታች መብራት በበራበት ጠረጴዛ ላይ ጨርቁ ሲያልፍ የተበጠሰ ክር፣ የዘይት ጠብታ፣ ቀዳዳ እየፈለጉ ምልክት ማድረግ። ዐሥራ ስድስት ዓመት እንከን ለቃሚ።

ማስታወሻዬ፣ ትናንት ቤተ ክርስቲያን መሰከርኩ። ባለፈው ሳምንት አ.አ. ሄጄ ጭንቅላቴን በኤም.አር.አይ. ታየሁ፤ ምንም የለም ተባለ። የጡት ካንሰሩ አንጎሌ አልደረሰም። መድረክ ላይ ወጥቼ ይህን ተናገርኩ። ባለሙያው ምስሉን የሚያጎላ መድኃኒት በክንድሽ እንስጥሽ ሲለኝ፣ ጌታ አይቶኛል መርፌው ይቅር ብዬ መፈረሜንም ተናገርኩ። እልልታው ጣሪያ ነካ። ባለቤቴ ተስፋዬ አለቀሰ። ስወርድ ሰው ሁሉ አቀፈኝ። ደስ ይላል። በእውነት ደስ ይላል።

ዘይነባ ግን ዛሬ ስነግራት አልሐምዱሊላህ ብላ ሳትጨርስ፣ መርፌውን ለምን እምቢ አልሽ አለችኝ። እምነት ነው አልኳት። ኋላ፣ ዓይኗን ከጨርቁ ሳትነቅል፣ "እኛ ዘንድ ሰበቡን አድርሰሽ ነው ለአላህ የምትሰጪው" አለች፤ ሰው የሚችለውን አድርጎ ማለቷ ነው። ተናደድኩ። ሰባኪ ሆነችብኝ ብዬ ምሳዬን ለብቻዬ በላሁ።

ማዞሩ አለ። ደረጃ ስወርድ ግድግዳ እይዛለሁ። ለማንም አልተናገርኩም።

የካቲት 3፣ ሐሙስ፣ ከሰ. 9 ሰዓት፣ ደሴ

ሆስፒታሉ ግቢ፣ አግዳሚ ላይ። ተስፋዬ ታክሲ ሊፈልግ ወጣ። ጉልበቴ ላይ ነው የምጽፈው፣ ጽሑፌ አያምርም፣ ታገሺኝ።

ዶ/ሯ ፊልሙን መብራቱ ላይ ሰቀለችው። ወረቀቱን አነበበች፣ ደገመችው። ያለ ኮንትራስት፣ ያለ መርፌው ነው እንዴ የተነሣሽው አለች። አዎ። ለምን ብላ አልጠየቀችም፣ ተመስገን። ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳችን። ከጡት ተነሥቶ አንጎል የገባ ነገር ትንሽ ከሆነ ከጤነኛው ሥጋ ጋር ተመሳስሎ ያልፋል። መድኃኒቱ ግን በደም ሥር ሄዶ በሽታው ያለበት ቦታ ላይ ይሰርጋል፤ ያ ቦታ በምስሉ ላይ ነጭ ሆኖ ይወጣል። "ማዞርሽ አላማረኝም። ንጹሕ ነሽ ማለት አልችልም፤ አላየሁትማ" አለች።

እንዴት አይገባኝ! ጥሬ ጨርቅ ላይ ምንም የማይታይ እንከን ቀለም ቤት ገብቶ ሲወጣ ቁልጭ ይላል። ደህና ነው ብዬ ያሳለፍኩት ስንት ጥቅል ተመልሶብኛል።

እውነቱን ለአንቺ ልንገርሽ። እምነት አልነበረም። ፈርቼ ነው። ኬሞው ደም ሥሬን አቃጥሎታል፤ አንድ መርፌ ለማስገባት ስድስት ጊዜ ይወጉኛል። እሱ ብቻ ቢሆን ደግ። እንዲታይም አልፈለግሁም። ካልታየ የሌለ መሰለኝ። ከዚያ ዓይኔን በጨው ታጥቤ መድረክ ላይ ወጣሁና ፍርሃቴን እምነት ብዬ ጠራሁት። ሰው አጨበጨበልኝ።

ተስፋዬ እየጠራኝ ነው።

የካቲት 5፣ ቅዳሜ፣ ረፋድ

ለተስፋዬ ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር። ጫማውን እየቦረሸ፣ እኔም ያን ቀን ውጭ ቆሜ ምነው ባይነኳት እያልኩ ነበር አለ። ሃያ ዓመት አብረን ኖረን ዛሬም ያስገርመኛል። ሰኞ አብረን እንሄዳለን። ደግሜ እነሣለሁ፣ አሁን ከነመርፌው።

ትንሽ ቀለል ሲለኝ አልማዝ መጣች። አልማዝ አብራኝ የምትዘምር ናት፤ ደሴ ሰኞ ገበያ ቅመም ትሸጣለች። ጡቷ ላይ እብጠት አግኝታ፣ በመርፌ ናሙና እንዲወሰድላት ደሴ ቀጠሮ ነበራት፣ ላለፈው ረቡዕ። እንዴት ሆነልሽ ብላት፣ ቀረሁ አለች። "አንቺ መርፌውን እምቢ ብለሽ ጌታ አነጻሽ። እኔስ ከማን አንሳለሁ?" ፊቷ ላይ ያለው ደስታ! ተሳስተሻል ማለት አቃተኝ፤ ሻይ ቀድቼ ሰጠኋት። ማስታወሻዬ፣ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

የካቲት 8፣ ማክሰኞ፣ አ.አ.

አለቀ። መጀመሪያ ኩላሊቴን መረመሩ፣ መድኃኒቱን ይችል እንደሆነ። ኩላሊቴ ደህና ነው። እንኳን አንድ ደህና ነገር ተገኘ። ጌጥ፣ የፀጉር ሽቦ፣ ሁሉ ወለቀ። ሰው ሁሉ የሚማረርበት የማሽኑ ጩኸት ለእኔ የሽመና ክፍላችን ነው፤ እንቅልፍ ሊወስደኝ ምንም አልቀረውም። ከዚያ መርፌው። ነርሷ በሦስተኛው አገኘችው፣ እጇ ይባረክ። ክንዴ ቀዘቀዘኝ፣ አፌ ብረት ብረት አለኝ። ይኸው ነው። ለዚች ነበር ያ ሁሉ።

የካቲት 10፣ ሐሙስ፣ ደሴ

አለ።

አንዲት ነጥብ። ከኋላ፣ ሚዛን የሚጠብቀው ክፍል ላይ። ሽምብራ አታክልም። ዶ/ሯ ሁለቱን ፊልሞች ጎን ለጎን ሰቀለች። በፊተኛው ያው ቦታ ግራጫ ነው፣ ብፈልግ ብፈልግ ምንም የለም። በአዲሱ ነጭ ሆና ቁጭ ብላለች። አለቀስኩ። ዶ/ሯ አልቸኮለችም፤ ውጭ ስንት ሰው ተሰልፎ። አንድ ብቻ መሆኗ፣ ሳታድግ መገኘቷ ጥሩ ነው አለች። ትድኛለሽ ብላ አልዋሸችኝም። ለጨረር ሕክምና ወደ አ.አ. ጻፈችልኝ፣ በስልክ ቀጠሮ አስያዘችልኝ፣ ለማዞሩ ኪኒን ሰጠችኝ።

ምን ይሉታል ይህን? ከሆስፒታሉ ስወጣ የተሰማኝ ምስጋና ነው። ባለፈው ምንም የለብሽም ሲሉኝ እንኳን እንዲህ አልተሰማኝም። ያኔ ሌሊት ሌሊት እባንን ነበር። አሁን የት እንዳለች አውቃለሁ። ጌታ ሆይ፣ እንደ እኔ ግትርነት ቢሆን አትገኝም ነበር። ተመስገን።

ለዘይነባ ደወልኩ። ያን ቀን ስለተቆጣሁሽ ይቅር በይኝ አልኳት። "አብሽሪ እህቴ። ሰበቡን አደረስሽ፤ ዱዓውን ለኛ ተይው" አለች። እንደገና አለቀስኩ።

የካቲት 13፣ እሑድ፣ ጠዋት 1 ሰዓት

ትናንት የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ዮሐንስ መጡ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ነገ ልናገር አልኳቸው። አይሆንም ልጄ አሉ። ምስክርነት ከፈውስ በኋላ ነው፤ ስትድኚ ትናገሪያለሽ፤ አሁን ደካሞች ይሰናከላሉ። ክፉ ሰው አይደሉም። ኬሞ ስወስድ በየሳምንቱ መጥተው የጸለዩልኝ እሳቸው ናቸው። ለዚህ ነው ከብዶኝ የነበረው።

"ጋሽ ዮሐንስ፣ አልማዝ ተሰናክላለች። የጣልኳት እኔ ነኝ። ሐኪም ቤት ቀርታለች" አልኳቸው።

ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ ሲያዞሩት ቆዩ። ከመዝሙር በኋላ አምስት ደቂቃ እሰጥሻለሁ አሉ። ሳይጸልዩ ተነሡ፣ ከበር ተመልሰው ጸለዩልኝ።

እሑድ፣ ከሰ. 8 ሰዓት

ተናገርኩ። ጽፌ ይዤ ነበር፣ ወረቀቱ ጠፋኝ። ያኔ እምነት ያልኳችሁ ፍርሃት ነበር አልኩ። አንጎሌ ውስጥ አንዲት ነጥብ አለች፣ ስለተገኘች ጌታን አመሰግናለሁ አልኩ። እልል ያለ የለም። የአንድ ሰው ሳል ብቻ ተሰማ። ስጨርስ ተስፋዬ ወጥቶ ደግፎ አወረደኝ። ሲወጡ አንዳንዶቹ ሳይስሙኝ አለፉ። አልፈርድባቸውም፣ እኔ ነኝ ያለማመድኳቸው። ጋሽ ዮሐንስ ግን ጨበጡኝ፣ ጠበቅ አድርገው።

አልማዝ በር ላይ ጠበቀችኝ። ነጠላዋን ደረቷ ላይ ሰብስባ ይዛለች። ትሰድበኛለች ብዬ ቆምኩ።

"መርፌው ያማል?" አለችኝ።

ያማል አልኳት። አጭር ነው አልኳት።

የካቲት 14፣ ሰኞ፣ ጠዋት 12፡30

አልማዝ ደጅ ቆማለች። አልተኛችም፣ ዓይኗ ቀልቷል። ዛሬ ቅመሙ አይሸጥም፤ ካርድ ክፍሉ ሳይጨናነቅ ደርሰን ቀጠሮዋን እናሳድሳለን። ዘይነባ ሥራዬን ትይዝልኛለች። የእኔ ጨረር ዐሥር ቀን ቀርቶታል። ፈርቻለሁ፣ አልዋሽሽም። ግን ሲወጓት እጇን እኔ ነኝ የምይዘው፣ ተነጋግረናል። ተስፋዬ ታክሲውን አስቁሞ እየተጣራ ነው፣ ይቺን ጨርሼ ልውጣ።