አስራ አራት ጥርስ ያለው ቴምብር

ልጄ፣ እንደ ሥራሽ ሳይሆን እንደ ቸርነቱ ይጠብቅሽ። እኛ ደህና ነን። ጣሪያው ያው ያፈሳል፤ የአባትሽ ዓይን ሞራው ተገፎለታል።

ስትሄጂ ከአባትሽ የቴምብር አልበም አረንጓዴውን ወስደሽ መሳዩን ተክተሽበታል። ሥዕሉም ቀለሙም አንድ ነው። የአባትሽ ግን በላይኛው ጠርዙ አስራ አራት ጥርስ ነበረው፤ ያንቺው ርካሹ አስራ ሁለት ነው። እናቴ ምን ታውቃለች ብለሽ ይሆናል። ዓይኑ ከደከመ ወዲህ ጥርሱን የምቆጥርለት እኔ ነኝ። ትናንት እንግዳ ፊት "እስቲ ቁጠሪላቸው" አለኝ። "አስራ አራት" አልኩ። በስተእርጅናዬ ውሸታም አደረግሽኝ።

በሚመጣው ወር መነጽር ያደርጋል፤ ራሱ ይቆጥራል። እባክሽ ከዚያ በፊት መልሺው። ካልመጣ እኔ ነኝ የሸጥኩት እለዋለሁ፤ ውሸቱን እንደሆነ አንዴ ለምጄዋለሁ።

ወልደሽ ለማየት ያብቃሽ። አንድ እንዳንቺ ያለች ትበቃሻለች።

እናትሽ